የተገለበጠው ፊደል

አሽቀሎን፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።
ባሕሩ በቱቦ እየተጠባ ወደ ቅጥራችን ይገባል፤
ፓምፑ ያጓራል፤ የላቦራቶሪው መስኮት ይንቀጠቀጣል።
እኔ ብርጭቆ እሞላለሁ፣ መለኪያውን እነክራለሁ፣
ቁጥሩ እስኪረጋ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ውሃን መጠየቅ፣
«መብራት ቢልኩብሽ ምን ያህል ታሳልፊያለሽ?» ብሎ መጠበቅ።
ከባሕር የመጣችው ታሳልፋለች፣ አታስለምን፣
አምሳ ሺህ ምናምን።
የተጣራችው ግን፣ ጨዋ ነኝ ባይ፣ ጨው የሌላት፣
ሦስት መቶ እንኳ አይሞላላት።
ፍጹም ንጹሕ ብትሆንማ ጨርሳ እምቢ ባለች፣
እንደ ኩሩ ባልቴት በሯን በዘጋች።

የዚህ እሺታ መስፈሪያ ስም አለው፤
መመሪያው ላይ፣ ስክሪኑ ላይ፣ የመዝገቡ ዓምድ አናት ላይ ያለው፣
ሲመንስ ነው።
የፊም ግን አይጠራውም።
የካርኪቭ ሰው፣ የፓምፖቹ ኤሌክትሪሺያን፣ አንድ ጥርሱ ወርቅ፣
አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስናነጋ
ያ ስም ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅ።
«ስንት ሞ?» ይለኛል በበሩ ብቅ ብሎ፣
«ዛሬስ ስንት ሞ?» የሻይ ብርጭቆውን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ።

ለሥራው እንግዳ ሳለሁ «ሞ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው
የእጄን ጓንት ወስዶ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው።
«ኦም እምቢታ ናት፤ የሽቦ ግትርነት።
በዚህ አገር እንደሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ አንብቢያት።»
ሞ ሆነች።
ምልክቷ ኦሜጋ፣ የግሪኮች ፊደል ማብቂያ፤
እሱንም ገልብጦ በአናቱ አቆመው።
«እምቢታ ሲገለበጥ» አለና ሳቀ፤ ቀሪውን ለእኔ ተወው።

እኔ ግን ሌላ አየሁ። አልነገርኩትም፤ በምን ቋንቋ ልንገረው?
የግሪኮች መጨረሻ፣ በአናቱ ቆሞ፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣
ሀ ነው።
እናቴ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በሠላሳ ዓመቷ፣
በከሰል ግድግዳ ላይ የሣለችው፤
አርባ ሲሞላት ደግሞ፣ እዚህ፣ በኡልፓን ወንበር ላይ
አሌፍን ይዛ እንደገና ሀ ብላ የጀመረችው።

ስሙን ለምን እንደማይጠራ የነገረኝ አንዴ ብቻ ነው።
ሲረኑ ጮኾ፣ መጠለያው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመን፣
አቧራ ከጣሪያው ሲወርድ፤
አክስቱ ብሉማ በጦርነቱ ዘመን፣ ከእስረኞች ጋር በረድፍ፣
ያው ስም በሩ ላይ በተጻፈበት ፋብሪካ
የመዳብ ሽቦ ጠቅልላለች፣
ያለ ደሞዝ፣ በራበው ጣት።
«መለኪያው ምን አጠፋ?» አልኩት።
«ምንም። መለኪያው ጥሩ ነው፣ አይዋሽም።
ብቻ እዚህ ጋ» ጉሮሮውን ነካ፣ «አያሳልፍም።»

የፊም ጡረታ ወጣ፤ ኪርያት ጋት፣ ልጁ ዘንድ ነው ይላሉ።
መሣሪያውም ተቀየረ፤ አዲሱ ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይልካል።
«ሞ» ብዬ ብጽፍለት በቀይ ይመልስልኛል፤
ስለዚህ የሚፈልገውን እጽፋለሁ፣
አንዲት ፊደል፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘች።
ምን ላድርግ፤ የደሞዝ ሥራ ነው።
ጓንቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣
ቀለሙ ግን አልለቀቀም።

በዚህ ሰዓት፣ ብርጭቆው እጄ ላይ፣
ቁጥሩ ወጥቶ ወርዶ ሊረጋ ሲል፣
ወደ ባዶው በር ዞሬ እመልሳለሁ፤
«ሁለት መቶ ሰማንያ ሞ።»
ማይክሮ መሆኑን አልጨምርም፤ እሱም ግድ አልነበረው።
ከዚያ ውሃዋን «እለፊ» እላታለሁ።